ልጄን ደረቅ አልጋ ላይ ያሳደረችው ትንሽ ደወል

ልጄ ሰባት ዓመት ሞልቶትም ሌሊት ይሸና ነበር። ይህችን ማንቂያ የገዛኋት ሁሉም ነገር ሲሰለቸኝ ነው። ከፒጃማው ጋር ትያያዛለች፤ ጠብታ ሲነካት ትጮኻለች። ነገሩ ሳይንቲስቱ ፓቭሎቭ ድምፅን ከምግብ ጋር እያቆራኘ፣ ድምፁን ብቻ ሲሰማ ምራቁ እንዲመጣ እንዳስለመደው ውሻ ነው። የሽንት ፊኛ ሲሞላ የሚሰማው ስሜት ከመንቃት ጋር ይቆራኛል፤ ውሎ አድሮ ሰውነት ያለ ደወልም ይነቃል። ሞውረር የተባሉ ባልና ሚስት ዘዴውን ያሳተሙት በ1938 እ.ኤ.አ. ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት አድካሚ ነበር። ቤቱ በሙሉ ሲነቃ እሱ ለጥ ብሎ ተኝቷል! እኔው እየቀሰቀስኩ ሽንት ቤት ወሰድኩት። ቁጣ የለም፤ ልጁ ተኝቶ ነው፣ ምን ያድርግ? ለመነሳት ካልተዘጋጃችሁ አትግዙት።

በአምስተኛው ሳምንት ደወሉ ሳይጮህ በባዶ እግሩ ኮሪደሩን ሲያቋርጥ ሰማሁት። አንሶላውን ዳበስኩት። ደረቅ! እንባዬ መጣ።

መያዣዋ ግን ቶሎ ይላላል፤ እኔ በፕላስተር ነው ያጠበቅኳት።