እናቴን በእግሯ ላቆመልን ዶክተር

ሐምሌ 19 ነው። እማዬ ከገብርኤል ንግሥ ስትመለስ ዝናብ ያራሰው ኮብልስቶን አዳለጣት። ስንደርስ ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን ዞሯል። ሳስበው አሁንም ዝግንን ይለኛል።

መጀመሪያ የወሰድናትን ቦታ ስሙን አልጠራም። ካርድ አውጡ፣ ክፈሉ፣ ተሰለፉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ስታቃስት ዞር ብሎ ያያት የለም። በመጨረሻ አንዱ መጣና በወጉ እንኳን ሳይነካት «ወለምታ ነው» አለን። ራጅ የለም። በፋሻ ጠቅልሎ፣ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን። የዞረ እግር ወለምታ ይባላል? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቤት ስንገባ ጎረቤቱ ሁሉ «ወጌሻ ጥሩ» ይላል። እኔም ልጠራ ነበር። ማታ ግን ጣቶቿን ስዳስስ በረዶ ሆነዋል።

በባጃጅ ወደ ሐዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል ይዘናት በረርን። ተረኛው የአጥንት ሐኪም ልጅ እግር ነው። ፋሻውን ቀዶ ጣለው። ጣቶቿን ጫን ጫን አደረገና «መገጣጠሚያው ወልቋል፣ ደም በደንብ እየደረሰ አይደለም፤ አሁኑኑ መመለስ አለበት» አለ። መርፌ ተወጋች። ከዚያ እግሯን በሁለት እጁ እንደያዘ «እማማ፣ ለገብርኤል ምን ነበር የተሳሉት?» አላት። እማዬ ስለ ስለት ከተጠየቀች አታቆምም። የታናሽ ወንድሜን ነገር ከሥር ጀምራ ስትተርክለት፣ መሃል ላይ ሳብ አደረገው። ቀጭ! አንዴ ጮኸች፣ አለቀ። እሱ ግን አልሄደም። አጠገቧ በርከክ ብሎ የጣቶቿ ጥፍር ቀላ እስኪል ጠበቀ። ያንን መቼም አልረሳም።

አጥንቷም ተሰብሮ ስለነበር እብጠቱ እስኪጎድል ጠብቀው በ9ኛው ቀን ኦፕራሲዮን አደረጓት። ብረትና ብሎን ገብቶላታል፤ ዝርዝሩ አልገባኝም። ለ6 ሳምንት እንዳትረግጥበት አጥብቆ ነገረን። ቀጠሮ በሄድን ቁጥር «እማማ፣ ታሪኩን እኮ አልጨረሱልኝም» ይላታል።

ሐዋሳና አካባቢዋ ያላችሁ፣ እባካችሁ፣ እግር ከዞረ «ወለምታ ነው» ብላችሁ ቤት እንዳታድሩ። ወጌሻም አታስነኩ። ቀጥታ ሪፈራል፣ አጥንት ክፍል ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ቀጥታ ሂዱ! የዶክተሩን ስም ሳላስፈቅደው አልጽፍም፣ እሱ ግን ሲያነበው ራሱን ያውቃል። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። የዚያን ሌሊት ተረኛ ነርሶችም እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

እማዬ አሁን ያለ ክራንች ትራመዳለች። ለታህሳስ ገብርኤል ዳቦ ልትደፋ ነው። ዶክተሩን ራሷ ጠርታዋለች።