ለካፌ መኪናችን መብራት የዘረጋልን ባለሙያ

ጅማ ያላችሁ ወዳጆች፣ አንድ ኤሌክትሪሺያን ላመሰግን ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ብሎ ስለለመነኝ አልጽፍም። ስልኩን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።

አሮጌውን አይሱዙ ካሶኒውን ዘግተን ካፌ እንዳደረግነው ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የቡና ማሽን፣ ፍሪጅና ጁስ መፍጫ አለው። መብራት የምንወስደው ከቆምንበት ሱቅ ወይም ግቢ በኬብል ነው፤ ሲጠፋ በጀኔሬተር። መጀመሪያ የሠራው ልጅ ቦርድ ለጥፎ፣ ሽቦውን በናስትሮ ጠቅልሎ ሄደ። ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ግን ደንበኛችን ማኪያቶውን ሲቀበል ቆርቆሮውን ነካና "ኧረ ነዘረኝ!" ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ።

ይሄኛው ባለሙያ ሲመጣ ካቻቢቴ እንኳን አላነሳም። "እህቴ፣ ባንዴ ምን ምን ትሰካላችሁ?" አለኝ። የየዕቃውን ዋት ከጀርባው እያነበበ ጻፈ። መስመራችሁ የሚችለው 16 አምፒር ነው፤ ያ በ220 ቮልት 3,520 ዋት ነው፣ ከዚያ በላይ እንዳታስቡ አለ። የእንጀራ ምጣድ ምኞቴ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ቦርዱን ከፈተ። ኑትራሉ፣ ማለትም የመብራቱ መመለሻ ሽቦ፣ ከመሬት ሽቦው ጋር አንድ ላይ ታስሯል። "እነዚህን ማን አጋባቸው?" አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ጋ ያለው ስፒና ተገልብጦም ይገባል። ሲገለበጥ መብራት የሚያመጣው ፌዝ በኑትራሉ መስመር ይመጣል። ኑትራሉ በመሬት ሽቦው በኩል ከመኪናው አካል ጋር ከታሰረ መኪናው በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል ማለት ነው። ጎማ ላይ ስለቆመ እርጥብ መሬት የረገጠ ሰው እስኪነካው ድረስ ምንም አይታወቅም። የጅማ መሬት ደግሞ መቼ ደርቆ ያውቃል?

ማሰሪያውን ፈታው። የመሬት ሽቦውን ከሻንሲው ጋር ሲያስር ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀለሙን ፍቆ ፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ አጸዳው። ቀለም መብራት አያስተላልፍምና። በጉዞ ንዝረት ይሰበራል ብሎ ለቤት የሚሆነውን ደረቅ ሽቦ ነቅሎ ባለ ብዙ ክር 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ አስገባ። ፌዝና ኑትራልን አብሮ የሚቆርጥ ብሬከር፣ ከሱ ጋር ደግሞ 30 ሚሊ አምፒር ሲሾልክ የሚዘጋ አርሲዲ ገጠመ። "ብሬከሩ ሽቦውን ነው የሚጠብቀው፤ ሰውን የሚጠብቀው ይሄ ነው" አለኝ። ጀኔሬተሩና የሱቁ መብራት በፍጹም እንዳይገናኙ መቀያየሪያ አለው። ውጭ ላይ ክዳን ያለው ሰማያዊ መሰኪያ ተገጥሟል፤ ዝናብ አይገባውም።

እኔን የገረመኝ ግን ከመኪናው ውጭ ያደረገው ነው። ማንም ሳያዘው መብራት የምንወስድበትን ሱቅ ሶኬት ሄዶ ፈታ። የመሬቱ ቦታ ባዶ ነው፣ ከጀርባው ሽቦ የሚባል የለም! ደንበኛችንን ሲነዝረው ብሬከሩ ዝም ያለው ለካ ለዚህ ነው። ባለሱቁን አሳምኖ የመሬት ዘንግ አስቀበረ፣ መስመሩን አገናኘ፣ በመለኪያ መሣሪያ ለካ። ከዚያ "አንቺ ተጫኚው" ብሎ የአርሲዲውን መሞከሪያ አሳየኝ። ጠቅ ሲል ሁሉም ጠፋ። በየወሩ እንድጫነው አዞኛል። ኬብሉንም ሳንዘረጋው፣ እንደተጠቀለለ እንዳንጠቀምበት አስጠንቅቆናል፤ ይግላል።

እውነቱን ለመናገር ቀጠሮ ላይ ትንሽ ያንገላታል። ዋጋውም ርካሽ አይደለም። ግን የተረፈውን ሽቦ ከነደረሰኙ ነው ያስረከበኝ፣ ይህን ስንቱ ያደርገዋል?

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እናንተም የምትፈልጉት ካላችሁ ቶሎ ደውሉለት። ቡና ሲደርስ ለመፈልፈያዎቹ ሥራ ገጠር ስለሚወጣ አታገኙትም።