የጣናን ውኃ ለማስላት፦ ገንዳው ወይስ ዝርዝሩ ሞዴል?

አንደኛው ሞዴል ጣናን እንደ አንድ ትልቅ ገንዳ ያያል። ዝናብና ወንዞች ያስገባሉ፤ ትነት፣ ዓባይና ወደ በለስ የሚወስደው ዋሻ ያስወጣሉ። ልዩነቱ የሐይቁ ከፍታ ምን ያህል እንደተለወጠ ይነግረናል። በቃ። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ትነቱን የሳተ ሁሉን ሳተ።

ሁለተኛው፣ እንደ ስዋት (SWAT፣ የአፈርና የውኃ ማስሊያ የኮምፒውተር ሞዴል) ያለው፣ ተፋሰሱን በአፈር፣ በተዳፋትና በመሬት አጠቃቀም ይከፋፍለዋል። ወደ ጣና በሚገባው በጉማራ ወንዝ ዳር ያለ ገበሬ እርከን ቢሠራ ደለሉ ምን ያህል ይቀንሳል? ገንዳው ይህን ጨርሶ አይመልስም። ዝርዝሩ ግን ብዙ መረጃ ይፈልጋል። ቁጥሮቹ በግምት ሲሞሉ፣ ውስጡ ተሳስቶም የተለካውን ፍሰት ሊገጥም ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ለሐይቁ ከፍታ ገንዳውን እመርጣለሁ። ለደለል ስዋትን፤ ያውም ቁጥሮቹ ሲስተካከሉ ባልተጠቀምንበት ዓመት ልኬት ከተፈተነ በኋላ።