ስቲከሩን ልጬ ያነበብኳት ቱና

እርጉዝ ነኝ፤ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ክትትል የምታደርግልኝ ነርስ «ዓሣ ብታገኚ ለልጁ ጥሩ ነው» አለችኝ። ደብረ ብርሃን ላይ በግ ሞልቷል፤ ትኩስ ዓሣ ግን ሲገኝ ነው። ስለዚህ ጠባሴ ካለው ደንበኛዬ ሱቅ ጎራ ብዬ ሁለት የታሸገ ገዛሁ፤ 185 ግራም የታይላንድ ቱናና 125 ግራም የሞሮኮ ሰርዲን። ሁለቱንም በልተን ጨርሰናል። የትኛዋን ደግሜ እንደምገዛ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የስቲከሩን ጉድ ስሙልኝ።

የቱናዋ ጣሳ ላይ አስመጪው የለጠፈው የአማርኛ ወረቀት አለ። «ቱና በአትክልት ዘይት»፣ የሚያበቃበት ቀን፣ በቃ። የለጠፉት ደግሞ በትክክል የዓሣው ዓይነት የተጻፈበት መስመር ላይ! ባለሱቁን ብጠይቀው «ቲቸር፣ ያው ዓሣ ነው እኮ» አለኝ። ያው አይደለም፤ ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት በአንዱ ዓይነት ይበዛል፣ በሌላው ያንሳል። ቱና የሚባሉት ብዙ ዘመዳሞች ናቸው። ስኪፕጃክ ትንሽና ዕድሜው አጭር ነው፤ ነጭ ቱና ተብሎ የሚሸጠው አልባኮር ይበልጠዋል፤ ብሉፊን ደግሞ ሠላሳ ዓመት አልፎ ሊኖር የሚችል ግዙፍ ነው። ቤት ገብቼ ጣሳዋን የሚፈላ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ያዝኳት። የወረቀቱ ጥግ ሲነሳልኝ በጥፍሬ ሳብኩት፤ የቀረውን ሙጫ በዘይት አሸሁት። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ካትሱዎኑስ ፔላሚስ» የሚል ወጣ፤ የስኪፕጃክ የሳይንስ ስሙ ነው። ተመስገን አልኩ። ግን ለመሆኑ ስንት ሰው ነው ምሳውን ለመብላት ጣሳ በእንፋሎት የሚያጥነው?

እኔ ኬሚስትሪ ስለማስተምር ይሆናል ነገሩ የከነከነኝ። አምና ላብራቶሪ ውስጥ ቴርሞሜትር ተሰብሮ ሜርኩሪው፣ አባቴ ባዜቃ የሚለው፣ ወለሉ ላይ እንደ ብር ዶቃ ሲንከባለል ልጆቹ በጣት ሊይዙት ተሯሯጡ። እነሱን አስወጥቼ፣ መስኮት ከፍቼ፣ እያንዳንዷን ጠብታ በወረቀት ሰብስቤ ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ እስክከታት ላብ በላብ ሆንኩ። ባሕር ውስጥ ያለው ግን እንደዚያ አይታይም። ከድንጋይ ከሰል ጭስ የወጣው፣ በባህላዊ መንገድ ወርቅ ከሚያወጡ ሰዎች እጅ ያመለጠው ሜርኩሪ ዞሮ ዞሮ ውሃ ይገባል። ደለል ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል መርዛማ ውህድ ይቀይሩታል። እሱን በዓይን የማይታየው ፍጥረት ይወስደዋል፣ ያንን ትንሽ ዓሣ ይበላዋል፣ ትንሹን ትልቁ። ከገባ በኋላ ቶሎ ስለማይወጣ ከበይ ወደ በይ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ትልቅና ዕድሜ ጠገብ ዓሣ ላይ የሚበዛውም ለዚህ ነው። ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅም ብትቀቅሉት፣ ብትጠብሱት፣ ሎሚ ብታፈሱበት ንቅንቅ አይልም።

አንድ ማታ ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ አልኩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በለካው አማካይ፣ አንድ ኪሎ ላይት የሚባለው ቱና (አብዛኛው ስኪፕጃክ ነው) 0.126 ሚሊግራም ሜርኩሪ አለው፤ አልባኮር 0.350፤ ሰርዲን 0.013። የዚያው አገር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታችሁ በቀን ከ0.1 ማይክሮግራም (አንድ ሚሊግራም 1,000 ማይክሮግራም ነው) ሜቲል ሜርኩሪ አትለፉ ይላል። ከማርገዜ በፊት 60 ኪሎ ነበርኩ፤ የአሁኑን ነርሷ ታውቀዋለች። ስለዚህ የሳምንት ድርሻዬ 42 ማይክሮግራም ነው። ዘይቱ ተንጠፍጥፎ 120 ግራም የሚቀር የአልባኮር ጣሳ ስንት ሆነ? 42። የሳምንቱን በአንድ ቁርስ! የእኔዋ ስኪፕጃክ 15 ግድም ናት፤ ሰርዲኗ 90 ግራም ብትወጣ ከአንድ ማይክሮግራም ትንሽ ከፍ ትላለች። አማካይ ነው እንግዲህ፤ የእኔኑ ጣሳ ማንም አልለካትም።

የተረፈውን ዘይት የላሰችው ድመታችን ናት። ከበላች በኋላ አረማመዷን ስመለከት ራሴን ያዝኩት፤ ሚናማታ ትዝ ብሎኝ ነው። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በምትባል ከተማ ቺሶ የተባለ ኩባንያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1968 ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር። የዓሣ ትርፍራፊ የሚበሉት ድመቶች እየተንቀጠቀጡ፣ ሰዎቹ «የሚጨፍሩ ድመቶች» እስኪሏቸው ድረስ ሚዛናቸውን ሳቱ። በ1956 የሰዎቹ ሕመም በይፋ ታወቀ። የፋብሪካው የራሱ ሐኪም ሐጂሜ ሆሶካዋ በ1959 ፍሳሹን ከምግብ ጋር ቀላቅሎ ቁጥር 400 ለተባለች ድመት ሰጥቶ ያንኑ ሕመም አየ፤ ኩባንያው ግን ውጤቱን አፍኖ አስቀረው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የእናቶቹ ነገር ነው። አንዳንዶቹ እዚህ ግባ የሚባል ሕመም ሳይታይባቸው የወለዷቸው ልጆች አእምሯቸውና እግራቸው ተጎድቶ ተገኘ። መርዙ በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ጽንሱ ይሄዳል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ «ዓሣው ራሱስ አይታመምም?» አለኝ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጥያቄው ግን ከተማሪዎቼ ይሻላል። ይታመማል። ዓሦች እንደ ሜርኩሪና መዳብ ያሉ ብረቶችን የሚይዝላቸው ፕሮቲን ሰውነታቸው ውስጥ ይሠራሉ፤ ሲበዛባቸው ግን አይችሉትም። መዳብን ውሰዱ፦ በሊትር ውሃ ውስጥ ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ የሳልሞንን የማሽተት ኃይል ያደነዝዛል። ጓደኛው ተነክሶ የሚለቀው የአደጋ ሽታ ስለማይሸተው ዝም ብሎ ይዋኛል፤ በይው መጥቶ ይለቅመዋል። ያ መዳብ ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ የፍሬን ሸራ ነው፤ አቧራው በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ይገባል። ባለቤቴ ሳቀ። የጣርማ በርን ቁልቁለት ጭነት ይዞ የወረደ ሰው ስለ ፍሬን ሸራ ሽታ ማንም አይነግረውም። ደግነቱ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ውሃ አዋሽ ገብቶ አፋር ምድር ላይ ይቀራል፣ ባሕር አያይም። የእኛው የበሬሳ ወንዝ ነው በጀማ ወንዝ አድርጎ ዓባይ የሚገባው፤ የዓባይ መጨረሻ ደግሞ ሜዲትራኒያን ነው።

ቆርቆሮም አለበት፤ የጣሪያውን ሳይሆን ትሪቡታይልቲን የሚባለውን ውህድ ማለቴ ነው። የመርከብ ሆድ ላይ ምንም እንዳይጣበቅ ከቀለም ጋር ይቀቡት ነበር። ፈረንሳይ አርካሾን ላይ ኦይስተር የሚባለው የሚበላ የባሕር ፍጥረት ቅርፊቱ ያለ ቅጡ ወፈረ፣ እጮቹ አለቁ። ሴቶቹ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ደግሞ የወንድ አካል አበቀሉ፤ መውለድም አቃታቸው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1982 ለትናንሽ ጀልባዎች ከለከለችው፤ በዓለም ደረጃ የሚከለክለው ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው ግን ገና በ2008 ነው። ባለቤቴ እዚህ ጋ «በቃ፣ እራት ይቅረብ» አለ።

ወደ እራቱ እንግባ። ቱናዋ ደረቅ ናት። በቃሪያ፣ በሽንኩርትና በሎሚ እንደ ሰላጣ ሠራኋት፤ አፍ ውስጥ እንደ ሰጋቱራ ትበተናለች፤ ዋጋዋ ደግሞ የሰርዲኗ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰርዲኗ ስትከፈት አራት ዓሦች ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ ቆዳቸው ያብረቀርቃል። ሽንኩርትና ቲማቲም ቁሌት አድርጌ መጨረሻ ላይ ጨመርኳቸው፤ ብዙ ካማሰላችኋቸው ይፈርሳሉ። አጥንቱ ስለላመ ከነአጥንቱ ይበላል፤ ለእርጉዝ ካልሲየም ነው። በእንጀራ ግሩም ነው። እማዬ ከመሐል ሜዳ መጥታ ነበር፤ የነቢያት ጾም ሳይገባ መሆኑን ሦስቴ አስምላኝ አንዱን ሙሉ ዓሣ ጨረሰች።

ጉድለቷ ሽታዋ ነው። በዚህ ውርጭ መስኮት የሚከፍት የለም፤ በር ሥር የተሰቀለው የአባቴ በርኖስ ሦስት ቀን ዓሣ ዓሣ ሲል ሰነበተ።

ለቱናዋ ከአምስት ሦስት፤ ስቲከሩ ባይኖር ሦስት ተኩል እሰጣት ነበር። ለሰርዲኗ አራት ተኩል። ለባለሱቁም አራት፤ አንዷን ዙሪያዋ የተጨረማመተ ጣሳ «ቀንሼ ልስጥሽ» ብሎኝ እምቢ ስለው ሳይነጫነጭ ቀየረልኝ። ክዳኑ ያበጠ ካያችሁ ግን በነጻም ቢሆን አትውሰዱ። ሰርዲኗ አሁን ሱቁ ውስጥ አልቃለች፤ ስትገባ ሁለት እንዲያስቀምጥልኝ ነግሬዋለሁ፣ ቀድማችሁ እንዳትወስዱብኝ።