በር ሲዘጋ የሚደነግጠው ሣጥን

ለሦስት ሳምንት ለሙከራ የተዋስነውን ማይክሮዌቭ አመንጪ ትናንት መለስን። ከሌዘር ብርሃን ተነስቶ 10 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 10 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ፣ የሚያወጣ ሣጥን ነው። ሳልረሳው ልጻፍ።

የምሠራው ራዳር ላይ ነው። የዘወትር ራስ ምታታችን ፌዝ ኖይዝ ነው፤ ሞገዱ ጊዜውን ሳይጠብቅ ቀደም ዘግየት ሲል ማለት ነው። እስከ ዛሬ 100 ሜጋኸርዝ የሚርገበገብ የኳርትዝ ክሪስታል ይዘን ፍሪኩዌንሲውን (የርግብግቢቱን ብዛት) በመቶ እናባዛ ነበር። ማባዛት ግን ዕዳ አለው። ኖይዙም አብሮ በ40 ዲሲቤል፣ ማለትም በኃይል አሥር ሺህ እጥፍ፣ ያብጣል። በዚህ የተነሳ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ከዛፍና ከኮረብታ በሚመለሰው ሞገድ ውስጥ ይዋጥብናል።

ይሄኛው ያካፍላል። መጀመሪያ 193 ቴራኸርዝ ገደማ የሆነውን ሌዘር በሁለት መስታወቶች መካከል ካለ፣ ርዝመቱ ከማይለዋወጥ ክፍተት ጋር ያስረዋል። ከዚያ ፍሪኩዌንሲ ኮምብ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል የተራራቁ ፍሪኩዌንሲዎች ያሉት ሌዘር፣ ለ19 ሺህ ገደማ ያካፍለዋል። ጆን ሆልና ቴዎዶር ሄንሽ በ2005 ኖቤል የተሸለሙበት ሥራ አንዱ ክፍል ይኸው ኮምብ ነው። በሂሳቡ የሌዘሩ ኖይዝ 86 ዲሲቤል ያህል ይወርዳል። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው።

በተግባርስ? የመጀመሪያው ቀን ሳቅን። መለኪያችን ሲለካ የዋለው የራሱን ኖይዝ ነበር! የራሱ ኖይዝ እንዲጣራ፣ ሁለት ቻናል እያመሳከረ አማካዩን እንዲያወጣ ትተነው አደርን። ጠዋት የኖይዙ መስመር ከኳርትዛችን እጅግ ወርዶ ጠበቀን። እውነት ለመናገር፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሣጥን ሳይኖር ልኩን በደንብ ማወቅ ይከብዳል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ዕቃው ንዝረት አይችልም። አንድ ባልደረባዬ በሩን ጓ አድርጎ ሲወጣ ግራፉ ዘለለ። ማራገቢያው ሲነሳም ሹል ነገር ብቅ ይላል። መስታወቶቹ የፀጉር ስንጥቅ ታህል ቢነቃነቁ ሌዘሩ አብሮ ይሄዳላ።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን መመሪያው ነው። ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፎቶዳዮድ የብርሃኑን መጠን መዋዠቅ ወደ ፌዝ ኖይዝ ይለውጣል። ይህ ጣጣ ከሞላ ጎደል የሚጠፋበት የብርሃን መጠን አለ። መመሪያው ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፈም። ያን መጠን ፍለጋ ቁልፍ ሳዞር ሁለት ቀን ፈጀሁ።

ለቋሚ ጣቢያ፣ ከሰው ኮቴ ርቆ ለሚቀመጥ፣ ያለ ማመንታት ግዙት እላለሁ። መኪና ላይ ለሚጫን ራዳር ግን አልሞክረውም።

ዛሬ ጠዋት ኳርትዙን መልሼ ገጠምኩት። ግራፉን ላለማየት ስክሪኑን አጠፋሁ።