አዲስ ቀለም የተቀባ ያገለገለ ማሲ ትራክተር የምትገዙ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የእርሻ ወቅት ሲቃረብ «ማሲ 385፣ ሞተሩ የታደሰ፣ በአስቸኳይ የሚሸጥ» የሚል ማስታወቂያ ይበዛል። ዋጋው ከገበያው በጣም ከወረደ ወይ ማሽኑ ውስጡ አልቋል፣ ወይ ወረቀቱ ችግር አለበት። የወረቀቱ ይብሳል፤ ያለቀ ሞተር ይጠገናል፣ የሰው ንብረት ግን ከማሳችሁ ላይ ተጎትቶ ይወሰዳል።

በሊዝ ፋይናንስ የተወሰደ ትራክተር ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ ባለቤቱ አከራዩ ተቋም ነው። የያዘው ሰው ሊሸጠው አይችልም፤ «ቀሪውን ዕዳ እኔ እጨርሳለሁ» የሚል ቃል አትቀበሉ። ለብድር በዋስትና የተያዘም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው መዝገብ ስለሚመዘገብ እዚያ አጣሩ። ሊብሬውን ከሰጠው ቢሮም የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ሰነዱን) ሳታዩ አትዋዋሉ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራሳችሁ ከማሽኑ ላይ አንብባችሁ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የቁጥሩ ሳህን ብሎን ወይም ሪቬት አዲስ ከሆነ፣ ወይም በቁጥሩ ዙሪያ የግራይንደር ጭረት ካለ ግዢውን ተዉት።

«ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ተብላችሁ በጥድፊያ ቀብድ አትስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውሉን የሚተው ቀብድ ሰጪ ቀብዱን ያጣል። የግድ ከሆነም «በመካኒክ ፍተሻ ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ቃል በውሉ ይግባ።

ወደ ማሽኑ ስንመጣ፣ ሰዓት ቆጣሪውን አትመኑ፤ በቀላሉ ይቀየራል። 2,000 ሰዓት እያሳየ የፍሪሲዮን (የክላች) ፔዳሉ ከተላጨና የማረሻ ማያያዣ ክንዶቹ ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ ቁጥሩ ውሸት ነው።

ፍተሻው በማለዳ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይሁን። ስትደርሱ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ። እንደ አርሲና ባሌ ባለ ደጋ ያለቀ ሞተር የሚታወቀው ጠዋት ሲነሳ ነው። ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያሳያል። አንዳንድ ሻጭ ይህን ለመሸፈን ወፍራም ዘይት ይሞላል። ስለዚህ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፤ ጭስ እየገፋ በኃይል ከተነፈሰ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) እና ሲሊንደሩ አልቀዋል። ራዲያተሩን ግን ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀዝቃዛ ሳለ ክፈቱ፤ ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ወይም ጓርኒሲዮኑን (በመሃል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ።

ብዙ ሰው ሞተሩን ብቻ ሰምቶ ይገዛል። ኪሳራው ግን ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ አስራችሁ እስከ ላይ አንሱትና ሞተሩን አጥፉ። ማንም ከሥሩ አይቁም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መሬት ከነካ የሊፍቱ (የማረሻ ማንሻው) ፒስተን ጎማ ወይም ቫልቩ ዘይት ያሳልፋል። ሞተሩ እየሠራ ማረሻው በየጊዜው ዝቅ ብሎ መልሶ ብድግ ካለም ያው ነው፤ ፓምፑ የሚያፈሰውን እየተካ ነው። የማሲ ሊፍት ፓምፕ ከኋላው አካል ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ ስለሚቀመጥ ከውጭ አይታይም። የዚያን ዘይት መለኪያ አውጥታችሁ እዩ፤ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል።

ፍሪሲዮኑ በአብዛኞቹ ባለ ሁለት ደረጃ ነው፤ ግማሽ ሲረገጥ ጉዞው፣ እስከ ታች ሲረገጥ ፒቲኦው (ለሚጎተት መሣሪያ ኃይል የሚሰጠው የኋላ ዘንግ) ይቆማል። ሁለቱንም ሞክሩ። ከዚያ ሰው በሌለበት ገላጣ ቦታ፣ ፍሬን ይዛችሁ በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። እሱን ለመቀየር ትራክተሩ መሃል ለመሃል ይከፈላል፤ ሥራው ዋጋም ቀንም ይበላል። ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበትን መጋጠሚያም በቀለሙ ሥር የብየዳ ምልክት እንዳለ በእጃችሁ ዳስሱ።

የፊቱን አክስል በክሪክ አንስታችሁ ልል መሆኑን ለማየት ጎማውን ነቅንቁ። የኋላው 18.4-30 ጎማ ጥርሱ ካለቀ የሁለት አዲስ ጎማ ዋጋ ጠይቁና ከመሸጫው ላይ አስቀንሱ።