የስፖርት ሥልጠና ወይስ የሰፈር ጨዋታ?

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ልጃቸውን ለእግር ኳስ ሥልጠና ለማስመዝገብ የሚያመነቱ ወላጆች ጥቂት አይደሉም።

ወጪ፦ ሥልጠና ክፍያ፣ ጫማና መጓጓዣ ይጠይቃል፤ ድብብቆሽ፣ ሰኞ ማክሰኞና የጨርቅ ኳስ ምንም አያስከፍሉም።

ጥቅም፦ አሰልጣኝ የኳስ አያያዝን ደረጃ በደረጃ ያስተምራል። በሰፈር ግን በቡድን የሚከፋፈሉት፣ ሕግ የሚያወጡትና ሲጣሉ የሚታረቁት ልጆቹ ራሳቸው ስለሆኑ፣ በእኔ እምነት ይህን የሚተካ አሰልጣኝ የለም።

ስጋት፦ አንድ ስፖርት ብቻ ያለ ዕረፍት መደጋገም ለጅማትና ለመገጣጠሚያ ጉዳት ይዳርጋል፤ በሰፈር የሚያሰጋው ባጃጅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ስለሚመክር፣ የቅዳሜ ሥልጠና ብቻውን አይበቃም። ለትንንሾቹ ጨዋታው፣ ስፖርቱን ራሱ ለሚጠይቅ ታዳጊ ወይም መኪና በበዛበት መንገድ ዳር ለሚኖር ልጅ ሥልጠናው ይመረጣል።